የኦዲት ሪፖርት በየዓመቱ ይወጣል፤ የጠፋው ገንዘብ ግን ተመልሶ ያውቃል?

ባለሱቋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መልሱን የምር ስለምፈልገው የምታውቁ ሰዎች አትለፉኝ።

በአንድ የክልል ከተማ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ስኳር ሲገኝ ደግሞ ስኳር እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህችው ሱቅ ነው። ሐምሌ ሲገባ መጀመሪያ የማስበው ግብሬን ነው። የልጆቹ ዩኒፎርም እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ብዘገይ ቅጣት አለ፣ ወለድ አለ፣ ብሎም ሱቄ ይታሸጋል።

በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት የመጣ ጊዜ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። በአምቦና በወሊሶ ነጋዴው ሱቁን የዘጋበት ክረምት ነው። እኔም ጋ ገማቾቹ መጡ። አንዱ መዝገብ ይዟል፣ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ መደርደሪያዬን ያያል። የለስላሳ ሳጥኑን ቆጠሩ። «ዳቦ በቀን ስንት ይወጣል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በኋላ የመጣው ቁጥር ግን ሱቄን ከነዕቃው ብሸጠው የማላገኘው ነበር። ቅሬታ አስገባሁ፣ ትንሽ ተቀነሰልኝ፣ ተበድሬ ከፈልኩ። ለአገሬ ነው ብዬ ነው የከፈልኩት። ይህን ስል ከልቤ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ በግብር እንደሚሠራ ማንም ሊያስተምረኝ አይገባም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ ቦኖ ሊሠራ ነው ተባለ። በጀት ተይዟል፣ ነዋሪውም መዋጮ ያዋጣ ተብሎ ቤት ለቤት ተዞረ። እኔም ከፈልኩ፤ ደረሰኙን እስካሁን አስቀምጫለሁ። ቦኖው ተሠራ። ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ለእንግዶቹ በግ ታረደ። ውሃው ለምርቃቱ ፈሰሰ፣ ከዚያም ለጥቂት ሳምንት መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሊጠግኑ የመጡት ባለሙያዎች ፓምፑ አሮጌ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው አሉን። ለአዲስ ፓምፕ የወጣው ብር የት ገባ ብለን ስብሰባ ላይ ብንጠይቅ «በኦዲት እየታየ ነው» ተባልን። ሥራውን የመሩት ኃላፊ በዚያው ሰሞን በሹመት ወደ ሌላ ወረዳ ሄዱ። እኛ ጀሪካን ይዘን ወንዝ እንወርዳለን።

ሰሞኑን ሬዲዮ ከፍቼ የዋና ኦዲተር ሪፖርት ለፓርላማ ቀረበ ሲባል ሰማሁ። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ። በሚሊዮንና በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው። አምናም ሰምቼዋለሁ። ካቻምናም። አንጀቴ ነው ያረረው። እኔ የከፈልኩበት ደረሰኝ ቢጠፋብኝ ማን ይሰማኛል? እነሱ ግን ቢሊዮን ሲጠፋባቸው ሪፖርት ይጻፍላቸዋል፣ በቃ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኦዲተሩ አገኘሁ ካለ በኋላ ምን ይሆናል? ገንዘቡ ይመለሳል? ማን ነው የሚያስመልሰው? እንደ እኔ ያለ ተራ ግብር ከፋይ «ገንዘቤ የት ገባ?» ብሎ የሚያንኳኳው በር አለ? ወይስ ዝም ብለን እየተቃጠልን እንኑር?

ዕጣ ጠባቂ፦

እትዬ፣ እኔ መልሱ የለኝም። ግን ንዴትዎ ገብቶኛል፤ እኛም ቤት ያለው እሱ ነው።

እናቴ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። በ2005 እንደገና ተመዝገቡ ሲባል እንደገና ተመዘገበች። እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች። ከዚያ ላይ በየወሩ ባንክ ታስገባለች። የቁጠባ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ከልብስ ሥር ነው የምታኖረው፤ እኔ እንኳ እንድነካው አትፈቅድም።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. 14ኛው ዙር ዕጣ ሲወጣ ቤታችን ጎረቤት ሞልቶ ነበር። ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነው ዕጣ የወጣበት። የእናቴ ስም የለም። «እግዜር አላለውም» ብላ ተነሥታ ቡና ቆላች። ከቀናት በኋላ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ራሱ ዕጣው ተጭበርብሯል፣ ያልቆጠቡ ሰዎች ሲስተሙ ውስጥ ገብተዋል ብሎ ሰረዘው። እናቴ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው። እግዜር የከለከላትን መቀበል ትችላለች፤ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው የከለከላትን ግን መቀበል አልቻለችም።

ባለሙያዎችም ኃላፊዎችም ታሰሩ ተባለ። ዕጣው በኅዳር 2015 በድጋሚ ወጣ። እሷ ዛሬም ተከራይ ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን የተከለበትን ዕጣ፣ ያውም በቀጥታ ስርጭት የሚታይ ዕጣ፣ ለመነካካት እንዴት ደፈሩ? ከእነሱ በፊት የደፈረና ዋጋ የከፈለ ሰው ስላላዩ ይመስለኛል።

ግዥ ክፍል ነኝ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከሌላኛው ወገን ልናገር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል እሠራለሁ። እዚህ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ግን ሁላችንንም በአንድ ዓይን አትዩን።

የኛ ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ከባለሱቋ በላይ የሚያውቅ የለም። በመስከረም 2018 ደመወዝ ተጨመረ፤ የቤት ኪራይ ግን ቀድሞ ሄዷል። መስክ ወጥቼ ውሎ አበል ካላገኘሁ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አልችልም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስብሰባውን ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴል የሚያደርገው ለምን ይመስላችኋል? አዲስ አበባ አዳራሽ ጠፍቶ አይደለም። ሠራተኛው አበል እንዲያገኝ ነው።

የሁለት ቀን ስብሰባ ሄዶ የአምስት ቀን አበል የፈረመ ባለሙያ ጥፋተኛ ነው፣ አልክድም። ግን እሱና የአገር ሀብት በጅምላ የሸጠ ሰው በአንድ ስም ሙሰኛ ሲባሉ፣ ትልቁ ሰው ከትንሹ ጀርባ ይደበቃል። ዘመቻ በተጀመረ ቁጥር የሚታሰረው ገንዘብ ያዥና መዝገብ ቤት ነው። በኅዳር 2015 ጠቅላይ ሚኒስትሩ 7 አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ሲያቋቁሙ እኛ ቢሮ ሰው ሁሉ በሩን እያየ ነበር የሚሠራው። ወር ሁለት ወር። ከዚያ እንደ ድሮው ሆነ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦

እህቴ ባለሱቋ፣ ትክክለኛውን ነገር ነው የጠየቅሽው። ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ሰው የሚጠይቀኝ «ስንት ተሰረቀ?» ብሎ ነው። «ከዚያስ?» ያለኝ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ኦዲተር መሥሪያ ቤት ገብቶ ሰነድ ያገላብጣል። ያገኘውን ለኃላፊዎቹ ያሳያል፣ መልስ ይሰጡበታል፣ ሪፖርቱ ይወጣል። የፌዴራሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ላይ ያዘዘው ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለ። መሥሪያ ቤቶቹን በየተራ ጠርቶ ያፋጥጣል። በቴሌቪዥን የምታዪው እሱን ነው። በክልልም የክልሉ ዋና ኦዲተር ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ኦዲተር ማሰር አይችልም፣ መክሰስ አይችልም፣ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ይጽፋል። ሠራተኛውን የሚቀጣው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ነው። ወንጀል ከሆነ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዓመቱ ያልቃል። ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ጊዜ ፓርላማ ፊት ቆመው ደጋግመው ያሰሙት ስሞታ ይሄው ነው፤ የአምናው ግኝት ሳይታረም ዘንድሮም ይደገማል።

ሌላም አለ። ሪፖርቱ ላይ የሰው ስም የለም። «እገሌ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል ብር ያለ ማስረጃ ወጪ አድርጓል» ይላል። ዩኒቨርሲቲ አይፈርምም፤ የፈረመ ሰው አለ። ኮሚቴው ሲጠራ ደግሞ የሚቀርቡት ኃላፊ ብዙ ጊዜ አዲስ ናቸው። «እኔ ከመምጣቴ በፊት የተፈጸመ ነው፣ የማስተካከያ መርሐ ግብር አውጥተናል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የፈረመው ሌላ ቦታ ተሹሟል። የናንተ ቦኖ ኃላፊም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ልንገርሽ። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል፣ ለከርሞም ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤት ሁሉ ገበያ ይወጣል። ለዓመታት የሚበቃ የፕሪንተር ቀለም፣ ወንበር፣ የመኪና ጎማ። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰበሰባል። ሦስቱም ላይ ያለው ማኅተም የተለያየ ነው። አንድ ጊዜ ግን ሦስቱን ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው የሰባት ቁጥር ወገቡ በሰረዝ የተቋረጠው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ እጅ ነው የወጡት።

በዚያ ሰኔ የተገዛው ጎማ ነበር። ክፍያ እንዲፈጸም ሞዴል 19 መቆረጥ አለበት፤ ዕቃው ንብረት ክፍል መግባቱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ነው። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ዝምተኛ ሴት ነበረች። በክረምትም በበጋም ሹራቧን አታወልቅም። ከግዥ መጡና «ዕቃው መንገድ ላይ ነው፣ በጀቱ ነገ ይዘጋል፣ ቁረጪልን» አሏት። «ሲገባ እቆርጣለሁ» አለች። አለቃዋ መጡ። ያንኑ አለች። ከላይ ተደወለላት። ስልኩን ሰምታ ዘጋች። ከዚያ የሞዴል 19 ጥራዙን ካቢኔት ውስጥ አስገብታ ቆለፈችና፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ምሳዋን ልትበላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አይቻታለሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በነጋታው በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ተወከለና ቆረጠ። እኛ ቆጠራ ስንገባ ከጎማዎቹ ግማሹ የለም። ጻፍነው። እሷ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። የፈረመው ሰው ዕድገት አገኘ። የጎማው ብር የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ይህ ሁሉ ታሪክ ሪፖርታችን ላይ አንድ መስመር ነው፤ «በቆጠራ ያልተገኘ ንብረት» ይላል።

ትልቁም ያው ነው። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ብርሃኑ ፀጋዬ ስለ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) መግለጫ ሲሰጡ አገር ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር። ሜቴክ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ። አገልግሎታቸውን የጨረሱት አባይና አንድነት የሚባሉት መርከቦች ጉዳይም ያኔ ነው አደባባይ የወጣው። ሰው በገንዘቡ ብዛት ተናደደ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ያለ ጨረታ ሲገዛ ጥያቄ ያቀረበ አለ፣ ያጸደቀ አለ፣ ክፍያ የፈቀደ አለ፣ ተረክቤያለሁ ብሎ የፈረመ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ካቢኔቱን ቆልፎ የወጣ አንድ ሰው አልነበረም? ወይስ ነበረና መዝገብ ቤት ተጣለ?

ወንድሜ ግዥ ክፍል፣ ስለ ደመወዙ ያልከው ልክ ነው። በተራበ ሠራተኛ ንጹሕ ቢሮ አይገኝም። ትልቁ ከትንሹ ጀርባ ይደበቃል ያልከውም ልክ ነው። ግን እንዴት እንደሚደበቅ አስብበት። ያልሄድክበትን የሦስት ቀን አበል ስትፈርም ፊርማህ እነሱ እጅ ገባ። ነገ ጎማው ሳይመጣ ክፍያ ሲፈጸም ብታይ አፍህን አትከፍትም፤ «አንተስ?» ይሉሃል። አበሉ በችሮታ የሚሰጥህ መስሎህ ከሆነ አይደለም። ዝምታህን እየገዙበት ነው። ሹራብ ለባሿ ሴት እምቢ ማለት የቻለችው ያልሄደችበትን አበል ፈርማ ስለማታውቅ ነው። እሷም ልጆች ነበሯት።

ከሜሪላንድ፦

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ።

የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል፣ እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ የምንሠራ ልጆች ተሰብስበን ቦንድ ገዛን። አገር ቤት ታላቅ ወንድሜ መምህር ነው፤ የወር ደመወዙን ሰጠ። በ2010 ክረምት የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሜቴክ የያዘው ሥራ ግድቡን አዘግይቶታል ብለው ውሉ ተቋረጠ። ወንድሜ ያን ቀን ስልክ ደውሎ ምንም አላለኝም። ዝም ብለን ቆየን። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ግን ሁለታችንም በደስታ አልቅሰናል። በዚያ ግድብ እኮራለሁ፣ ልጆቼም ይኮሩበታል። ደስታው ግን ጥያቄውን አይሰርዘውም። በሜቴክ እጅ የባከነው ዓመት የስንት መምህር ደመወዝ ነው?

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዜ የአሜሪካ መንግሥት ግብር ይቆርጣል። ከዚያ ግብር ስንዴ ተገዝቶ ለተራበው ወገኔ ይላክ ነበር። ሰኔ 2015 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ የምግብ ዕርዳታው በሰፊውና በተቀናጀ መንገድ ላልታሰበለት እየዋለ ነው ብሎ በመላ አገሪቱ አቆመው። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም አቆመ። ለወራት። በትግራይ፣ በሶማሌ፣ በአፋር መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው የሚበላው አጣ። ስንዴውን የሸጡት ሰዎች አልተራቡም። እኔ ግብሬን የከፈልኩባት አገርና የተወለድኩባት አገር በአንድ ጆንያ ተዘረፉ። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ማስረዳት አፍሬ ትቼዋለሁ።

እዚህ ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ በጀት ከማጽደቁ በፊት ነዋሪ ተመዝግቦ ገብቶ ይናገራል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። ግን ባለሥልጣኖቹ ቁጭ ብለው ይሰሙታል፣ የተናገረውም ይመዘገባል። ሌባ እዚህም አለ። የሚለየው ማን እንደፈረመ ለማወቅ ዘመድ አያስፈልግም።

ባለሱቋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዕጣ ጠባቂ፣ እናትህን ሳምልኝ። ጋሼ ኦዲተሩ፣ የጻፉትን ለሰፈሩ ሴቶች ሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርጌ አነበብኩላቸው። ንብረት ክፍሏን ሁሉም ወደዷት።

ግን አንድ ፍርሃት አለን። ብንጠይቅ ማን ምን ያደርገናል? እኔ ስሜን ጽፌ ብከስ ለከርሞ ግብሬ እጥፍ ሆኖ ቢመጣስ? ከጎናችን ጠላ የምትሸጥ ጎረቤቴ አለች፤ ፈቃድ የላትም። በነጋታው መጥተው ቢዘጉባትስ? ይሄ ዝም ብሎ ፍርሃት አይደለም፣ ያየነው ነው። እስቲ ምን ብለን፣ ለማን እንደምንጽፍ ይንገሩኝ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦

ፍርሃታችሁ እውነተኛ ነው። ሰብሳቢ ሆነው ሲያፋጥጡ የምናያቸውም ሰዎች ዋስትና የላቸውም፤ የወጪ ቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ታስረዋል፣ ክሱ ሌላ ቢሆንም። ስለዚህ ብቻሽን አትጻፊ። ጠላ የምትሸጠዋን አትጨምሯት። ፈቃድና ግብር ላይ ምንም የማይያዝባቸው፣ ጡረተኞች፣ መምህራን፣ የዕድር ዳኛው ይፈርሙ። ስሞቹ በፊደል ተራ ይሁኑ፣ ማን እንደጀመረው እንዳይታወቅ።

«ገንዘባችን ተሰረቀ» ብላችሁ አትጻፉ። እሱን ለማረጋገጥ እናንተ አትችሉም፣ ስም ማጥፋት ብለውም ሊያዞሩባችሁ ይችላሉ። ሰነድ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ለምን እንደፈለጋችሁት እንኳ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። የምትጠይቁት ይህን ነው፤ የፓምፑ ግዥ ጨረታ ወይም ፕሮፎርማ፣ የክፍያ ሰነዱ፣ ፓምፑ የገባበት የሞዴል 19 ቅጂ። ሞዴል 19 ላይ የዕቃው ዓይነትና የተረከበው ሰው ፊርማ አለ። ከዚያ አንድ ባለሙያ ቦኖው ድረስ ወስዳችሁ ፓምፑ አካል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሡ። ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሲጠርጉት ብዙ ጊዜ ይነበባል። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ነገሩ አለቀ፤ ያኔ ከእናንተ ወሬ ሳይሆን ከራሳቸው ወረቀት ነው የምትናገሩት።

ደብዳቤው ለወረዳው ይሁን፣ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤትና ለክልሉ ዋና ኦዲተር። የመዋጮ ደረሰኛችሁን ፎቶ ኮፒ አያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ። መልስ ከከለከሏችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ትሄዳላችሁ። የሕዝብ መዋጮ ስላለበት ደግሞ ቦኖው የበጀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰበሰበው ኮሚቴ ሂሳቡን ላዋጣው ሕዝብ ማሳየት አለበት። በስብሰባ ላይ ያንን ብቻ አንሡ፣ ሌላ ነገር አትቀላቅሉ። አንድ ጥያቄ ሲሆን ማምለጥ ይከብዳቸዋል።

ከውስጥ የሚያውቅ ሠራተኛ ሊነግራችሁ ቢፈልግ፣ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። በወረቀት ያለውን ያህል በተግባር ይጠብቃል ብዬ አልምልልሽም። ስለዚህ የሰውየውን ስም በስልክም ቢሆን እንዳታነሡ፣ ሰነዱ ያለበትን ቦታ ብቻ ይንገራችሁ።

አንድ ነገር አደራ። መዝገብ ቤት ስታስገቡት ቅጂያችሁ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳይጻፍላችሁ አትውጡ። «ኋላ ይደርሳል፣ እንደውልላችኋለን» ቢሉ ቁጭ በሉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልገባም ማለት ነው። ረቂቁን እዚህ ለጥፊልኝና ከመግባቱ በፊት ዓይን ልጣልበት። የወረዳውንና የሰዎቹን ስም ግን ሰርዘሽ።